«ሸማኔ» የሚለው ቃል ትርጉምና አጠቃቀም

«ሸማኔ» ማለት ድርና ማግን አገናኝቶ ጨርቅ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነው። ቃሉ የሥራ ስም ነው። አራሹ ገበሬ፣ ልብስ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ እንደሚባል ሁሉ ሸማ የሚሠራውም ሸማኔ ይባላል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በአገራችን ታሪክ ከሙያ መጠሪያነቱ ባሻገር ሰውን ለማሳነስ ሲነገር ኖሯል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ባለሙያዎች ሥራቸው ሲጠየቁ ቃሉን ከመናገር ይቆጠባሉ። ሙያውን ያላስመዘገበ ባለሙያ ደግሞ ለሙያው የተዘጋጀ አገልግሎት ሊያልፈው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የቃሉን ትርጉም፣ ከእርሱ ጋር የሚቀራረቡ ቃላትን፣ በላሊበላና በላስታ ደጋዎች ሽመና ያለውን ቦታ፣ ባለሙያው ስለ ክብሩ በሕግ ያለውን ጥበቃ እንዲሁም ቃሉ በቅጾችና በማመልከቻዎች ላይ እንዴት ሊሠራበት እንደሚገባ ያብራራል።

የቃሉ ትርጉምና ዝምድና

«ሸማኔ» ሲነበብ «ማ» ጠብቃ ትነበባለች። ብዙ ቁጥሩ «ሸማኔዎች» ነው። ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡት ቃላት የሚከተሉት ናቸው።

ሸመነ፦ ጨርቅ ሠራ፣ ድርና ማግን አገናኘ።
ሽመና፦ ሥራው ወይም ሙያው ራሱ።
ሸማ፦ በእጅ የተሠራ የጥጥ ልብስ፤ በተለይም ነጭ ሆኖ የሚደረበው።
ሸማኔ፦ የሥራው ባለቤት።

በግእዝ ለሽመና የሚያገለግለው ግስ «አነመ» ሲሆን ሸማኔው «አናሚ» ይባላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሠፈረው «ሸማኔ» ነው። የጎልያድ ጦር የተመሰለው በሸማኔ መጠቅለያ ሲሆን፣ በመጽሐፈ ኢዮብም የሰው ዕድሜ ፍጥነት ከሸማኔ መወርወሪያ ጋር ተነጻጽሯል። በእነዚህ ቦታዎች ቃሉ ያለ ምንም የማሳነስ ትርጉም፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሥራ ስም ሆኖ ቀርቧል።

ተቀራራቢ ቃላትና ልዩነታቸው

ጥበበኛ። «ጥበብ» በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ዕውቀትና ማስተዋል ነው። ሁለተኛው በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራው ጌጥ ነው። በመሆኑም «ጥበበኛ» የሚለው ቃል ዐዋቂን ሰውም፣ ጌጥ ያለው ሸማ የሚሠራውን ሸማኔም ይጠራል።

ጠይብ። ይህ ቃል ከግእዙ «ጠቢብ» የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ዐዋቂ፣ ብልህ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ለብረት ሠሪዎችና ለሌሎች ባለ እጆች መጠሪያ ሆነ፤ ቀጥሎም ወደ ስድብነት ተለወጠ። ዛሬ ሰውን በዚህ ስም መጥራት ተገቢ አይደለም።

ባለ እጅ። በእጁ ሙያ የሚተዳደር ሰው ሁሉ የሚጠራበት አክብሮት ያለው ቃል ነው። ሸማኔን፣ ብረት ሠሪን፣ አንጥረኛንና ሸክላ ሠሪን ያጠቃልላል።

ፈታይ። ጥጥን በእንዝርት ወደ ክር የሚለውጥ ሰው ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ልማዱ ሴቶች እንዲፈትሉ፣ ወንዶች እንዲሸምኑ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ጋቢ የሁለት ሙያተኞች ሥራ ነው። በዛሬው ጊዜ ሴቶችም ሽመናን ተምረው ይሠሩበታል፤ ቃሉም ለሁለቱም ጾታ ያገለግላል።

ዶርዜ። ዶርዜ በጋሞ ደጋዎች የሚኖር፣ በሽመና ሙያው በመላ አገሪቱ የታወቀ ሕዝብ መጠሪያ ነው። ከዚያ አካባቢ መጥተው በአዲስ አበባ በተለይም በጉለሌና በሽሮ ሜዳ የሠፈሩ ባለሙያዎች የከተማዋን የባህል ልብስ ገበያ አቋቁመዋል። ይሁን እንጂ ማንኛውንም ሸማኔ «ዶርዜ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። የሕዝብ ስም የሥራ ስም አይደለም።

ሸማች። ይህ ቃል ከሸማኔ ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ዝምድና የለውም። የመጣው «ሸመተ» ከሚለው ግስ ሲሆን ገዝቶ የሚጠቀም ሰው ማለት ነው። «የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር» ለአባላቱ የፍጆታ ዕቃ የሚያቀርብ ነው። «የሸማኔዎች ማኅበር» ግን የአምራቾች ማኅበር ነው። አመልካቾች የማኅበራቸውን ስም ሲጽፉ ይህን ልዩነት ሊያስተውሉ ይገባል።

ሽመና በላስታ ደጋዎች

የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ደቡብ በዋድላ በኩል አልፎ በደላንታ እስከሚገኘው ወገል ጤና ድረስ ያለውም አገር ደጋማ ነው። በዚህ ብርድ ጋቢ ቀን መደረቢያ፣ ሌሊት መኝታ ልብስ ነው። ጥጥ ግን በደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ ይመጣል። ስለዚህ በደጋው ሰው ትከሻ ላይ የሚታየው ነጭ ሸማ የቆላው ገበሬ፣ የነጋዴው፣ የፈታይዋና የሸማኔው ድካም የተገናኙበት ነው። በከፍተኛው ደጋ ከጥጥ ሌላ የበግ ጸጉር ተፈትሎ ባና ይሠራበታል።

የሸማኔው የሥራ ዘመን ከበዓላት ጋር የተያያዘ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ከሚሆነው ከአሸንድዬ በፊት ልጃገረዶች አዲስ ቀሚስ ያሠራሉ። ይኸው በዓል በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል። ከዚያ መስቀል ይከተላል። በታኅሣሥ መጨረሻ የሚከበረው ገና ለላሊበላ የቅዱስ ላሊበላ የልደት በዓልም በመሆኑ ከየአገሩ ነጭ ሸማ የለበሱ ምእመናን ይጎርፋሉ። በቤተ ማርያም ዙሪያ በሚፈጸመው የቤዛ ኩሉ ሥርዓት ካህናቱ በአለቱ አናት ላይ በነጭ ልብስና በጥምጣም ቆመው ያሸበሽባሉ። ከገና በኋላ ጥምቀት ይመጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል የዚህን ወቅት ፍላጎት ይገልጻል።

ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በእነርሱ ውስጥ አገልግሎቱ በየቀኑ የሚፈጸመው ግን ሸማ በለበሱ ሰዎች ነው። ሕንፃው የሚዳሰስ ቅርስ ሲሆን፣ ያንን ሸማ የመሥራት ዕውቀት የማይዳሰስ ቅርስ ነው። ሁለቱም የአንድ ባህል ክፍሎች ናቸው።

ከጥጥ እስከ ሸማ፦ የሙያው ቃላት

የሽመና ሥራ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። በቅደም ተከተል ሲቀርብ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ፍሬውም ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። ደጋን ጅማት የተወጠረበት ቀስት መሰል መሣሪያ ነው። የተነደፈውና የተባዘተው ለስላሳ ጥጥ «ባዘቶ» ይባላል። ፈታይዋ ባዘቶውን በእንዝርት እያሾረች ክር ታወጣለች። የተፈተለው ክር ሲጠቀለል «ልቃቂት» ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ሸማኔው ይተላለፋል። ክሩ ይደወራል። በርዝመቱ የሚዘረጋው ክር «ድር»፣ በወርዱ የሚገባው «ማግ» ይባላል። ማጉ በቀሰም ላይ ተጠቅልሎ በመወርወሪያው ውስጥ ይገባል። ሸማኔው ከጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያወርዳል። በእግሩ መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል። በእጁ መወርወሪያውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሰዳል፤ ከዚያም ማጉን መትቶ ያጠብቀዋል። የተሠራው ጨርቅ ከፊቱ ባለው መጠቅለያ ላይ ይጠቀለላል። ርዝመቱ የሚለካው በክንድ፣ ማለትም ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ባለው ልክ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ መሥራቱ የተለመደ ነው።

ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ከሙያው ወጥተው በሕዝብ ንግግር ውስጥ ገብተዋል። የማይለያዩ ሰዎች «ድርና ማግ» ይባላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ኅብረትን ያስተምራል። «ነደፈ» የሚለው ግስ ዕቅድ ማውጣትንም ይገልጻል፤ «ንድፍ» የሚለው የጽሕፈት ቤት ቃልም ከዚሁ ይቀራረባል። ዜጎች አገልግሎት የሚፈልጉበት «ድረ ገጽ» እንኳ ስሙን ያገኘው ከድር ነው።

የሸማኔው ሥራ ውጤቶች

ነጠላ፦ ስስ ሆኖ በሁለት ድርብ የሚለበስ መደረቢያ። ጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ «ጥለት» ይባላል። አለባበሱ መልእክት አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ይጣፋል፣ በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ይደረጋል።
ኩታ፦ ከነጠላ ወፈር ያለ ሁለት ድርብ ሸማ።
ጋቢ፦ ባለ አራት ድርብ፣ ለብርድ የሚሆን።
ቡሉኮ፦ ወፍራምና ከባድ፣ በተለይ ለመኝታ የሚያገለግል።
ጃኖ፦ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፤ ቀድሞ የመኳንንት ልብስ የነበረ።
መቀነት፦ በወገብ የሚታሰር።

በእጅ የተሠራውን ሸማ በማሽን ከተሠራ ተመሳሳይ ጨርቅ ለመለየት ገዢው ጥቂት ነገሮችን ሊመለከት ይችላል። የእጅ ፈትል ውፍረቱ ከቦታ ቦታ በመጠኑ ይለያያል። የተሸመነ ጥለት በጨርቁ ጀርባም ይታያል፤ የታተመ ጥለት ግን በጀርባው ደብዛዛ ነው ወይም ጨርሶ የለም። ሸማኔው ወይም ማኅበሩ በቀጥታ ሲሸጥ ገዢው ስለ ክሩና ስለ ድርቡ መጠየቅ ይችላል።

ቃሉ ስድብ ሆኖ የዋለበት ዘመን

በቀድሞው ሥርዓት ክብር የሚለካው በመሬት ይዞታ ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፤ ርስት የሌለው በእጁ ሙያ ይተዳደራል። በጎንደርና በአካባቢው ሽመናን የያዙት በአብዛኛው ርስት እንዳይዙ የተከለከሉ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ስለዚህ ሙያው የድህነትና የባይተዋርነት ምልክት ተደርጎ ታየ። ባለ እጅን በቡዳነት መጠርጠር፣ ከእርሱ ጋር በጋብቻ አለመተሳሰር፣ ልጆቹን በአባታቸው ሥራ መስደብ ልማድ ሆነ። ሸማ ያለበሰው እጅ ተናቀ፤ ሸማውን የለበሰው ግን ተከበረ።

ይህን ልማድ በይፋ ያወገዙት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ገበሬውና ነጋዴው በየሥራቸው መሰደባቸውን ነቅፈዋል። ሰነፉ ብልሁን እየሰደበ አገር ጥበበኛ እንዳያጣ አስጠንቅቀዋል። ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና በአንድ ዓመት እስራት እንደሚቀጣም ደንግገዋል።

የመሬቱ ጥያቄ የተመለሰው በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን በግል ጉልበቱ ሊያርስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ባለ እጅነትና መሬት አልባነት በሕግ የተያያዙ አይደሉም። የአነጋገር ልማዱ ግን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል።

በሌላው ዓለም የዚህ ሙያ ስም የቤተሰብ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ቬበር የሚጠራበት የቤተሰብ ስም «ሸማኔ» ማለት ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይም ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው የቤተሰብ ስሞች አሉ። የሙያ ስም ውርደት የሚሆነው ኅብረተሰቡ እንደዚያ ሲያደርገው ብቻ እንደ ሆነ ይህ ያሳያል።

ሕጉ ዛሬ ምን ይላል?

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ለባለሙያው የሚከተሉትን ጥበቃዎች ሰጥቷል።

አንቀጽ 24 የማንኛውንም ሰው ክብርና መልካም ስም ያስከብራል።
አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይደነግጋል፤ በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።
አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ያረጋግጣል፤ መንግሥትም ለባህልና ለኪነ ጥበብ ዕድገት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ያመለክታል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 መሠረት ሰውን በስድብ ክብሩን መንካት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ተበዳዩ ራሱ አቤቱታ ካላቀረበ ክሱ አይጀመርም። አቤቱታውም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ጊዜ ውስጥ ሊቀርብ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ግልጽ ሊሆን ይገባል። «ሸማኔ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ አይደለም። «እርሱ ሸማኔ ነው፤ ጋቢ ያሠራሁት ከእርሱ ነው» ማለት የሙያ መግለጫ ነው። ያው ቃል ሰውን ከማኅበራዊ ቦታው ዝቅ ለማድረግ፣ በጋብቻ ወይም በክርክር መካከል ሲወረወር ግን ስድብ ይሆናል። የሚለየው የተነገረበት ዓላማና ሁኔታ ነው።

ቃሉ በቅጽና በማመልከቻ ላይ

ሥራ የሚለውን ክፍት ቦታ ሲሞሉ «ሸማኔ» ብሎ መጻፍ ትክክለኛና በቂ ነው። «የባህል አልባሳት አምራች» የሚለው አገላለጽም ይሠራል፤ ነገር ግን ልብስ ሰፊንና ጥልፍ ሠሪንም ስለሚያካትት «የባህል አልባሳት አምራች (ሸማኔ)» ተብሎ ቢጻፍ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ሸማኔ በፋብሪካ የሽመና ማሽን ከሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ይለያል። ዓለም አቀፉ የሥራ መደቦች ምደባ የእጅ ሸማኔን በቁጥር 7318 በእጅ ጥበብ ሠራተኞች ውስጥ፣ የማሽን ሠራተኛውን ደግሞ በቁጥር 8152 ይመድባል። ለምሳሌ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በማሽን ላይ የሚሠራ ሰው የሚገባው ከሁለተኛው መደብ ነው።

እርሻና ሽመናን አጣምሮ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም እንዲያስመዘግብ ይመከራል። «ገበሬ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ለሽመና ባለሙያዎች በሚሰጥ ሥልጠና፣ የሥራ ቦታ ወይም ብድር ላይ ለመካተት ማስረጃ ሊያጥረው ይችላል። ባለሙያው ያለው ሥራ በመዝገብ ላይ ካልታየ፣ ለሙያው የሚታቀደው ድጋፍም ባልተሟላ ቁጥር ላይ ይመሠረታል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ሙያውን ከአባቱ የተማረ፣ የትምህርት ማስረጃ የሌለው ሰው ብቃቱን ማረጋገጥ ይችላልን?
የሙያ ብቃት ምዘና የሚመለከተው ሰው ሥራውን መቻሉን እንጂ የት እንደ ተማረ አይደለም። በልምድ የተገኘ ዕውቀትም ሊመዘን ይችላል። አመልካቹ በአቅራቢያው ባለ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለ ምዘናው መርሐ ግብር ይጠይቃል።

ሸማኔዎች በጋራ መደራጀት ይችላሉን?
ይችላሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ይተዳደራሉ። ክርን በጋራ መግዛትና ምርትን በጋራ መሸጥ የማኅበር ዋነኛ ጥቅሞች ናቸው። መነሻው የወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድን የሚመለከተው ሕግ የትኛው ነው?
መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ሱቅ ከፍቶ ለመሸጥ የሚያስብ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የወረዳውን የንግድ ጽሕፈት ቤት ሊያማክር ይገባል።

የሽመና ዕውቀት በቅርስነት የሚታይ ነውን?
የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይዳሰስ ቅርስንም ይመለከታል፤ የሚዳሰሰውን ብቻ አይደለም። አንድ አካባቢ ልዩ የሆነ የጥለት ወይም የአሠራር ስልት ካለው፣ ነዋሪዎች ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላሉ።

ልጆች በትምህርት ቤት በወላጃቸው ሙያ ቢሰደቡ ምን ይደረግ?
ጉዳዩ በቅድሚያ ለክፍል ኃላፊ መምህሩና ለርእሰ መምህሩ ይቀርባል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረትም ሊወያይበት ይችላል። ልጁ የሚያፍርበት ሳይሆን የሚኮራበት ሙያ መሆኑን መምህራን በክፍል ውስጥ ቢያስረዱ ችግሩን ከሥሩ ለማቃለል ይረዳል።

ማጠቃለያ

«ሸማኔ» የሚለው ቃል ከሸማው አይለይም። ልጅ ሲጠመቅ፣ ሙሽራ ስትዳር፣ ሽማግሌ ሲያስታርቅ፣ ሐዘንተኛ ሲቀመጥ የሚለበሰው የሸማኔው እጅ ሥራ ነው። ቃሉን በትክክለኛ ትርጉሙ መጠቀም የአገልግሎት ሰጪውም የተገልጋዩም ኃላፊነት ነው። መዝጋቢው ቃሉን ሳያሳንስ ይጻፈው፤ ባለሙያውም ሳያፍር ያስመዝግበው። በሥራው የተነሣ ክብሩ የተነካ ወይም አገልግሎት የተከለከለ ዜጋ አቤቱታውን በቅድሚያ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው አስተዳደር፣ ጉዳዩ የወንጀል ከሆነ ደግሞ ከላይ በተገለጸው ጊዜ ውስጥ ለፖሊስ ማቅረብ ይችላል።